ከእኔ የወረሰው

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ከወሊድ ፈቃድ ተመለስኩ። ወንበሬ ላይ የማላውቀው ሹራብ ተንጠልጥሏል፣ ብዕሮቼ የሉም፣ ማይክሮስኮፑን አንድ ረጅም ሰው ለቁመቱ አስተካክሎታል። ዝቅ አደረግኩትና ተቀመጥኩ። ደስ አለኝ። ቤት ስገባ ግን ደስ እንዳለኝ አልተናገርኩም፤ "ደከመኝ" ነው ያልኩት።

ልጁ አማቴ ጋ ይውላል። ስሙን ቤት ውስጥ የሚጠራው የለም። ግንባሩን ቋጥሮ ስለተወለደ አማቴ "ሽማግሌው" አሉት፤ በዚያው ቀረ። አራት ወሩ ነው፣ ዛሬም አንድ ያልተስማማበት ነገር ያለ ይመስላል። ጠዋት በሩ ላይ ስጓተት "ሂጂ በቃ! እኔና ሽማግሌው የምንነጋገረው አለን" ብለው ገፋ አደረጉኝ።

ክፍላችን ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው። ትንኝና መዥገር የሚያስተላልፏቸውን ቫይረሶች እንመረምራለን። የእኔ ድርሻ አንቲቦዲ መለካት ነው፤ ሰውነት አንዴ የታገለውን ጠላት መልክ እንዳይረሳ በደሙ ውስጥ የሚያቆመውን ዘብ። የልጄንም አስለክቻለሁ። የተወለደ ዕለት ከእትብቱ ደም በብልቃጥ ተቀዳልኝ፣ አራስ ቤት ሳለሁ ውጤቱ መጣልኝ። ልጅ ሆኜ ደንጊ የሚባለው የትንኝ ትኩሳት ይዞኝ ስለነበር የእኔ አንቲቦዲ በእትብቱ አልፎ እሱ ጋ ሞልቷል። እንደዚያ ከፍ ያለ ቁጥር በሥራዬ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። "አይስጉ እማማ" አልኳቸው አማቴን ያኔ፣ "ይሄን ልጅ ትንኝ ብትነክሰው የምትታመመው ትንኟ ናት።"

እስከ ዛሬ ለጎረቤት ያወሩታል።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

ችኮላ። ናሙና በዛ። ጡቴ ፈስሶ ጋዋኔን አረጠበው፤ አለቃዬ ዶክተሩ አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የውሃ በርሜሉን ክዳን መግዛት።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

"የዘንድሮው ደንጊ ያ የለመድነው አይደለም። ሁለተኛው ነው" አሉ አለቃዬ ዶክተሩ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው።

ግማሽ ዕድሜያቸውን መዥገር ሲያጠኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ደንጊን አይወዱትም። "መዥገር ጨዋ ናት" ይላሉ። እሳቸው ያጠኑትን የመዥገር ቫይረስ አንዴ ያሸነፈ አንቲቦዲ ለዓመታት ያሸንፈዋል፤ አለቀ። ደንጊ ግን አራት ወንድማማች ነው። አንዱን የሚያውቅ አንቲቦዲ ሌሎቹን ሲያይ ይጠረጥራል እንጂ አይችላቸውም፤ እኔን የያዘኝ ያ የለመድነው ነበር።

ይህን ለተለማማጆች ስንት ጊዜ አስረድቻለሁ። አንቲቦዲዎቹ ብዙ ከሆኑ ቫይረሱን ከየአቅጣጫው ይሸፍኑታል፣ መላወሻ ያጣል። ጥቂት ከሆኑ ግን ይዘውት ብቻ ይቆማሉ። በደም ውስጥ ደግሞ አንቲቦዲ የያዘውን ሁሉ እየዋጡ የሚያጠፉ ሴሎች አሉ፤ ደንጊ ሊገባበት የሚፈልገው ቤት እነሱው ናቸው። ዘቡ ሌባውን በክንዱ ይዞ፣ በራሱ ቁልፍ በሩን ከፍቶ ያስገባዋል ማለት ነው። ተለማማጆቹ እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃሉ።

ሕፃን ደግሞ ከዚህ በፊት መታመም እንኳ አያስፈልገውም። የእናቱ ይበቃዋል። ሲወለድ ብዙ ነው፣ ይጠብቀዋል። ዓመት ሲሞላው ተሟጦ አልቋል፤ አይጠቅምም፣ አይጎዳም። ክፉው መሃሉ ነው።

የእትብቱ ቁጥር ግን ከፍ ያለ ነበር። ከዚያ ላይ እስኪወርድ ዝናቡ ያልፋል።

ያልፋል።

ሰኔ 15፣ እሑድ

አማቴ ማታ ማታ አጎበር የሚዘረጉት እንደ ድንኳን ሠራተኛ ነው። ጫፉን ከፍራሹ ሥር ይወትፋሉ፣ በእጃቸው ይዳብሳሉ፣ በባትሪ ይፈትሻሉ። ሲነጋ ያነሱትና ጥግ ላይ ጠቅልለው ይሰቅሉታል። ቀኑን ሽማግሌው የጓሮው መስኮት ሥር ባለው አልጋ ላይ ራቁቱን ይንደባለላል።

"እማማ፣ ቀንም ቢሆን አጎበሩን ቢያደርጉለት።"

"በቀን? በዚህ ሙቀት? ትንኝ ማታ ነው።"

"ይሄኛዋ ቀን ነው የምትናከሰው።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ ትንኟ ናት የምትታመመው ያልሽው?"

ከልባቸው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። "ያኔ ያልኩት ሌላ ነው" ማለት ይቻል ነበር። አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ተነሥቼ የሽማግሌውን ጨርቆች አጠብኩ።

ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ከመስኮቱ ውጭ በርሜል አለን። ክዳኑ ተሰብሮ ግማሹ ቀርቷል። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ትንኟም እንቁላሏን ለመጣል የምትወደው ጥርት ያለውን ነው። ክዳን መግዛት አለብኝ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ባልደረባዬን "ቀላቢዋ" እንላታለን። ለምርመራ የምናረባቸውን፣ ቫይረስ የሌለባቸውን ትንኞች የምትቀልበው እሷ ናት። ሻይ ሰዓት ላይ እጅጌዋን ሰብስባ አንድ ክንዷን በመረብ ሣጥኑ ውስጥ ትከታለች፣ በሌላው እጇ ሻይዋን ትጠጣለች።

"ልጆቼ ምሳ ላይ ናቸው፣ አትረብሺብኝ።"

"ማታስ ማን ያበላልሻል?"

"ማታማ ይተኛሉ። ደመወዝተኛ እኮ ናቸው፤ ጠዋት ገብተው ማታ ይወጣሉ።"

ክንዷ ላይ ጥቁር ነጥብ በጥቁር ነጥብ ሆነው ተደርድረው ነበር፤ ሆዳቸው ቀስ እያለ ይቀላል። ዐይኔን መንቀል አቃተኝ።

"የልጅሽ አልጋ የት ነው ያለው?" አለችኝ ድንገት።

"መስኮቱ ሥር።"

"በጓሮው በኩል?"

"በጓሮው።"

ሻይዋን ጨረሰች። ምንም ባለማለቷ ቀኑን ሙሉ ስናደድባት ዋልኩ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

ተረከዙን ወጋሁት። ወጥ ቤት፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ፎጣ አንጥፌ። መጀመሪያ ገርሞት አየኝ። ያለቀሰው ከዚያ በኋላ ነው፣ አስቦበት።

"ምን አደረገሽ!" አማቴ ከጓሮ ሮጠው ገቡ።

"ትንሽ ደም ነው እማማ። የያዘውን ለማየት ነው።"

"ሞልቷል አላልሽም?"

"ሞልቷል። ምን ያህል እንደቀረ ልይ ብዬ ነው።"

"የዘይት ጠርሙስ አደረግሽው ልጁን!" ብለው ነጠቁኝ። እስከ ማታ ድረስ ተረከዙን እየሳሙ "እናትህ ልኬት ይዟታል፣ ምን ይሻለናል" ይሉት ነበር።

ብልቃጡ ላይ "ሽማግሌው፣ ሁለተኛ" ብዬ ጻፍኩ። የእትብቱ አንደኛ ነው።

ሰኔ 28፣ ቅዳሜ

ወርዷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጉድጓድ ጉድጓድ ባለው ሳህን ላይ ሴል ይዘራል፤ ያን የሚውጠውን ዓይነት ሴል። ቫይረስና አንቲቦዲውን የያዘው የልጁ የደም ውሃ ይጨመርበታል። ከቀናት በኋላ ቫይረሱ ሴሎቹን የበላበት ቦታ ክብ ቀዳዳ ሆኖ ይታያል። ቀዳዳ መቁጠር ነው የእኔ ሙያ። በእትብቱ ደም አንድም ቀዳዳ አልነበረም። በዚህኛው አለ። ሆኖም የደም ውሃ ያልገባበት ጉድጓድ ላይ ካለው ያንሳል። ይጠብቃል ማለት ነው። ገና ይጠብቃል።

ሁለቱን ውጤቶች ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጌ በመስመር አገናኘሁ። ቀላቢዋ ከትከሻዬ በላይ አየች።

"ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለሽ።"

"ለዚህ ነው ሦስተኛ የሚያስፈልገኝ። ቀጥ ብሎ ይውረድ ይጠምዘዝ በሁለት አይታወቅም።"

"እህቴ፣ የምታሳድጊው ልጅ ነው ወይስ መስመር?"

ሳቅን። እሷ ቀድማኝ አቆመች።

ሐምሌ 2፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ከመንገድ ደወለ። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፤ በዝናብ ወቅት የማየው አልፎ አልፎ ነው።

"እህቴ ጋ ውሰጂው" አለ። "ደጋ ነው፣ ትንኝ የሚባል ነገር አያውቁም። እማዬም ትረፍ።"

"እወስደዋለሁ።"

"መቼ?"

"ቁጥሩን ልይና።"

"የምን ቁጥር?"

አስረዳሁት። ስለ ዘቡም፣ ስለ ቁልፉም። ሲያዳምጥ የመስታወቱ መጥረጊያ ወዲያና ወዲህ ሲል ይሰማኛል።

"እኔ እንጃ" አለ በመጨረሻ። "እኔ መንገድ ሲበላሽ ቆሜ ጉድጓዱን አልለካም። እዞራለሁ።"

ሹፌር ነው፣ እንደዚህ ይላል።

ሐምሌ 4፣ ዓርብ

ዶክተሩ፦ "እባክሽ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ አትቅሪብኝ። ካንቺ ሌላ ሳህን የሚያነብልኝ የለም።"

አሞኛል ማለት ይቻል ነበር። ልጄን ማለት ይቻል ነበር። "እሺ ዶክተር፣ ችግር የለም" አልኩ፣ ጨርሰው ሳይናገሩ።

ካንቺ ሌላ የለም። እስከ ማታ ድረስ ጆሮዬ ላይ ነበር።

ክዳን።

ሐምሌ 6፣ እሑድ

ሁሉም ተኝተዋል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይመታል፤ በየመሃሉ በርሜሉ ውስጥ የሚንጠባጠበው ለብቻው ይሰማል።

ያኔ፣ ልጅ ሆኜ፣ ስታመም ምን እንደመሰለ ላስታውስ ሞከርኩ። የማስታውሰው ትንሽ ነው። እርጥብ ጨርቅ። ዐይኔን ሳዞር ከጀርባው የሚያመኝ ነገር። እናቴ "አጥንትሽ አይደለም የተሰበረው፣ እንደዚያ ይመስላል እንጂ" ስትለኝ። ከዚያ በኋላ ረሳሁት። ሰውነቴ ግን አልረሳም። በማላውቀው ቦታ መዝግቦ ያዘው፣ ሳልጠይቀው ለልጄ ሰጠው። የምሰጠውን ሳልመርጥ ሰጠሁት። የዐይኑን ቅርጽ እንደሰጠሁት፣ ግንባሩን መቋጠሩን እንደሰጠሁት።

እና አሁን የሱ ሰውነት የእኔን ትዝታ እየረሳ ነው። ሙሉው ትዝታ ጥሩ ነበር። ጭራሽ መርሳትም ደግ ነው። ግማሹ ነው ክፉው፤ መልኩን ለይቶ ስሙን ያጣ፣ ጠላቱን "ግባ፣ የማውቅህ መሰለኝ" የሚል።

ይህን ሁሉ አውቄ እዚህ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ብጽፈው የሚቀንስ ይመስል።

ባለቤቴ መኪናውን ይዞ ሄዶ ነው እንጂ እሱ ነበር የሚወስደው። አማቴም ብርድ አይችሉም። ደግሞ ገና ይጠብቃል።

ሐምሌ 9፣ ረቡዕ

የሕፃናት ክፍል ኮሪደር። አንዲት እናት አግዳሚ ወንበር ላይ ልጇን ታቅፋ ነበር፤ ከሽማግሌው ትንሽ ይበልጣል። ነርሷን እንዲህ ስትላት ሰማሁ፦ "ታሞ አያውቅም እኮ። ያኔ የታመምኩት እኔ ነኝ። እሱ ምን አደረገ?"

"አይዞሽ" አለቻት ነርሷ። "በረድ ብሎለታል።"

እግሬ ቆመ። በደንጊ ሰው የሚሞተው ትኩሳቱ ላይ አይደለም፣ ትኩሳቱ ሲወርድ ነው። ያን ጊዜ ደም ሥሮች ማፍሰስ ይጀምራሉ፤ ውሃው ከደሙ ወጥቶ ሆድና ደረት ውስጥ ይጠራቀማል፣ እጅና እግር ይቀዘቅዛል። ቤተሰብ "ዳነልን" ብሎ ጋደም የሚለው በዚያው ሰዓት ነው። ነርሷን ወደ ጎን ጠርቼ ይህንኑ ነገርኳት።

"አውቃለሁ እህቴ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ሐኪም አስጠርቻለሁ። ለእሷ ግን ምን ልበላት?"

ከሰዓት የልጁ ናሙና እኔ ጋ መጣ። የእናቱም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

የአግዳሚው ወንበር ልጅ ሞተ። የእናቱን ቁጥር ከእኔ ጎን አስቀመጥኩት። መንትያ ነን።

ነገ እንሄዳለን። ለአማቴ ስነግራቸው "ደጋ? ጉልበቴን ይዤ?" አሉ፤ እያሉ ግን ሻንጣውን አወጡ። ለሽማግሌው የሱፍ ኮፍያ አጥልቀውለት "ዳኛ መሰለ፣ ፍርድ ሊሰጠን ነው" አሉ። ኮፍያውን ጠላው።

ማታ አንድ ጊዜ ብቻ ተረከዙን ወጋሁት። ከመሄዳችን በፊት። ሦስተኛው ነጥብ። ወደ ላቦራቶሪው ተመልሼ ሳህኑ ላይ አስገባሁት።

ሐምሌ 12፣ ቅዳሜ

አልሄድንም።

ሳህኑ የሚደርሰው ሐሙስ ነው። ደጋ ሆኜ ማን ያነብልኛል? ቀላቢዋ ታነበዋለች፣ ግን ስትቆጥር ትቸኩላለች። ደግሞ ቁጥሩ ደህና ቢሆን ልጁን በከንቱ በብርድ ማንገላታት ነው። ሳያዩ መሄድ በጨለማ መሄድ ነው። ሐሙስ አይቼ ዓርብ እንሄዳለን። ምክንያቱ በቂ ነው። ሁለቴ አሰብኩበት፣ በቂ ነው።

ለባለቤቴ "መንገዱ ጭቃ ነው" አልኩት። መንገዱን የሚያውቀው እሱ ነው።

አማቴ ሻንጣውን አልፈቱትም፤ አልጋው ሥር ገፉት። በርሜሉን በጣውላ ሸፈንኩት። በአንድ በኩል አይደርስም።

ሐምሌ 15፣ ማክሰኞ

ከሥራ ስመለስ አማቴ በአጥሩ ላይ ከጎረቤት ጋር ያወራሉ። "የኛን ልጅ ብትነክሰውማ ራሷ ናት የምትታመመው። እናቱ ናት ያለችው፣ የተማረች ናት።" ጎረቤቲቱ "እኔም እንደሷ ያለች ምራት ባገኘሁ" አለች።

አጥሩን ዞሬ በፊት ለፊቱ በር ገባሁ።

ጉንጩ ላይ ትንሽ ቀይ ነገር አየሁ። የትንኝ ላይሆን ይችላል። ሙቀት ነው። ሕፃን ሽፍ ይልበታል።

ሐምሌ 17፣ ሐሙስ

ሁለቴ ቆጠርኩ። ከዚያ ሳህኑን አዙሬ ከሌላው ጫፍ ጀምሬ ቆጠርኩ።

የደም ውሃ ካልገባበት ጉድጓድ ይልቅ የሽማግሌው የገባበት ላይ ያለው ቀዳዳ ይበልጣል። ያንሳል አይደለም። እኩልም አይደለም። ይበልጣል። ከእኔ የወረሰው ለቫይረሱ ሠርቶለታል።

ቀላቢዋ ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃኑ ያዘችው። ስትቆጥር አልቸኮለችም።

"ሂጂ" አለች። "ጋዋኑን ተይው። ሂጂ!"

ቤት ስደርስ አማቴ ይዘውት በር ላይ ቆመዋል።

"ሞቅ ብሎታል" አሉ። "ጥርስ ሊያወጣ ይሆናል።"

ሐምሌ 18፣ ዓርብ

ሕፃናት ክፍል። ሦስት ልጅ በአንድ አልጋ፣ እናቶች ወለሉ ላይ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ዐይኗ ቀልቷል።

"ገና ትኩሳት ላይ ነው። ጡት አትስጪው፣ ማለቴ አታቋርጪበት። ሽንቱን ተከታተዪ። ትኩሳቱ ሲወርድ ደግሞ ወዲያው..."

"አውቃለሁ። እዚሁ ነው የምሠራው። ላቦራቶሪ።"

ትከሻዋ ሲላላ አየሁት። "እንኳን! እንደዚያ ከሆነ ቤት ካንቺ ጋ ይሻለዋል። እዚህማ ማን ያየዋል።"

ይዤው ተመለስኩ።

ሐምሌ 19፣ ቅዳሜ

ይነዳል። በእርጥብ ጨርቅ እያበስኩት ነው። አጎበሩ አሁን ቀንም ተዘርግቷል፤ አማቴ እግራቸውን አጥፈው ውስጡ ገብተው ተቀምጠዋል፣ በጥፊ አየሩን ይመታሉ። ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፣ ስልኩ አይሰማም። ጡት ይይዛል፣ ይተዋል። ግንባሩ ተፈቷል። ተፈትቶ አይቼው አላውቅም። ቢቋጥረው።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

እንደዚያው። አልተኛሁም።

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ጠዋት። ትኩሳቱ ወረደ!

ከንፈሬን ግንባሩ ላይ አደረግኩ፤ ቀዝቃዛ። አማቴ "ሽማግሌው ታረቀን!" ብለው አጎበሩን ገልጠው ወጡ፣ እያለቀሱ ይስቃሉ። እኔም ሳቅኩ። ተመስገን። ትንሽ ጠባ። ተኛ። እንደዚህ ጸጥ ብሎ ከተኛ ቆይቷል።

ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ። መጀመሪያ ትንሽ ጋደም ልበል። ትንሽ ብቻ።

ሐምሌ 22፣ ማክሰኞ

ትናንት ከሰዓት ነው የነቃሁት። "ደክማለች ብዬ ነው ያልቀሰቀስኩሽ፣ እሱም ተኝቷል ብዬ ነው" ይላሉ አማቴ። ይደጋግሙታል። እግሩ እንደ ብረት ቀዝቃዛ ነበር። ሆዱ ተነፍቶ። ግሉኮስ፤ ሥሩ አይገኝም። እጁ ላይ ሞከሩ፣ እግሩ ላይ፣ ራሱ ላይ። ወጣቷ ሐኪም አየችኝና

ነሐሴ 5፣ ሰኞ

ከላይ ያለውን ዓረፍተ ነገር መጨረስ አልችልም። የሞተው ሲነጋ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ሰዎች መጡ፣ ተቀመጡ፣ ሄዱ። ባለቤቴ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ መጣ። አልጠየቀኝም። አንድ ቀን ከመስኮቱ ውጭ እያየ፣ ለማንም እንደማይናገር ሰው፣ "መንገዱ ደረቅ ነበር" አለ። ትናንት ተመልሶ ሄደ።

ጡቴ በሰዓቱ ይሞላል። የሚነግረው ሰው የለም።

አማቴ በየጠዋቱ በርሜሉን ባዶ አድርገው ይፈገፍጉታል። በአሸዋ፣ በሳሙና፣ እንደገና በአሸዋ። እጃቸው ተላልጧል። ለመጣው ሰው ሁሉ የሚሉት አንድ ነው፦ "እኔ ነኝ። ቀን ቀን ያለ አጎበር ያስተኛሁት እኔ ነኝ። ነግራኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። እሷማ ነግራኝ ነበር።"

ነግሬያቸው ነበር። ሳቅ ብዬ፣ አንድ ጊዜ።

እነግራቸዋለሁ። ትንሽ ይረጋጉ።

ነሐሴ 8፣ ሐሙስ

ሥራ ገባሁ። ማይክሮስኮፑን ማንም አልነካውም።

ዶክተሩ በሩን ዘግተው ተቀመጡ። "ሦስቱ ብልቃጦች" አሉ። "ከአንድ ሕፃን፣ ከመታመሙ በፊት፣ በተከታታይ የተወሰደ ናሙና አጋጥሞኝ አያውቅም። ለሌሎች ሕፃናት ይጠቅማል። ከፈቀድሽ ብቻ ነው። እምቢ ብትዪ ይገባኛል።"

"እሺ ዶክተር፣ ችግር የለም።"

ሲወጡ ወረቀቱን አወጣሁ። ሦስተኛውን ነጥብ አስቀመጥኩ። መስመሩ ይጠመዘዛል። እንደጠረጠርኩት ነው።

ቀላቢዋ ሻይ ሰዓት ላይ ሣጥኖቹን በጨርቅ ሸፍና፣ እጅጌዋን እስከ አንጓዋ ቆልፋ ተቀምጣ ነበር። ሻይ ቀዳችልኝ። ወረቀቱን አየችው፣ እኔን አየችኝ። "ጠጪ፣ ይቀዘቅዛል" ብቻ ነው ያለችው።

ነሐሴ 11፣ እሑድ

ነገርኳቸው።

በርሜሉ ላይ ጎንበስ ብለው ነበር። አጠገባቸው ተንበረከክኩ። "እማማ፣ ከእርስዎ አይደለም" አልኩ። "አጎበሩም አይደለም።" ብሩሹን አላቆሙም።

"ከእኔ ነው። ልጅ ሆኜ የታመምኩት በሽታ ደሜ ውስጥ መከላከያ ትቶ ነበር። እሱ ጋ ሲተላለፍ መጀመሪያ ጠበቀው። እያነሰ ሲሄድ ግን ለበሽታው በር ከፋች ሆነ። ከእኔ ባይወርሰው ኖሮ ቢታመምም እንዲህ አይጠናበትም ነበር።"

ብሩሹ ቆመ። እርጥብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው አዩኝ። ከዚያ ፊቴን በዚያ በተላላጠ እጃቸው ጠረጉልኝ።

"ይሄን ይዘሽ ነው የከረምሽው?" አሉ። "ብቻሽን? ደምሽ እኮ ነው፣ አንቺ አይደለሽም። ደም ምን ያውቃል?"

አለቀስኩ። ቀለል አለኝ፤ ቀለል ሲለኝ ይሰማኛል። ጥሩ አድርጌ የነገርኳቸው መሰለኝ።

ብሩሹን አነሡ። ሁለቴ ያህል ፈገፈጉ። ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸውም ሳይለወጥ፦

"ይሄን ነገር ያኔ ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር" አልኳቸው።

"ምን ነካኝ፣ መጠየቄ" አሉ። "ብታውቂማ አንድ ሌሊት እዚህ ታድሪ ነበር?"

የበርሜሉን አንድ ጎን ያዝኩላቸው። አንድ ላይ ገለበጥነው።